የስፌት መኪናሽ ጎማ የሚያብጠው ዘይቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም

እህቴ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። የስፌት መኪናሽን ፈሳሽ ፓራፊን ትቀቢያለሽ፣ አሁን ቦቢን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልባትን ትንሿን ማጠንጠኛ) ስታጠነጥኚ ትንሿ የጎማ ቀለበት እየተንሸራተተች ክሩን ላላ አድርጋ ትጠቀልለዋለች፣ ስትቀቢ የምታደርጊው የላቴክስ ጓንትም ጣቱ ጋ እየተለጠጠ ይቀደዳል፣ እና ዘይቱን ልቀይረው ወይ ነው ያልሽው። አትቀይሪው። ዘይቱ ጥሩ ነው፣ የማይነካውን ነገር ነክቶ ነው።

ፈሳሽ ፓራፊን ለስፌት መኪና የሚመረጠው በምክንያት ነው እኮ። ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ነው፣ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ዋናው ደግሞ አየር ላይ ቢቆይ አይደርቅም አይበላሽም። የምግብ ዘይት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ ተዉት፣ መጀመሪያ መኪናው ቀለል ያለ ይመስላል ከዛ ዘይቱ እያደር እንደ ሙጫ ይሆንና የመርፌውን ዘንግ ቀስ በቀስ ይይዘዋል፣ እሱን ለማጽዳት ደግሞ ግማሹን መፍታት ነው።

ላቴክስ ግን ከጎማ ዛፍ የሚፈስ ወተት ነው፣ ውሃ ውስጥ የተበተነ ጎማ ማለት ነው፣ ጓንት ሲሰራ ድኝ ተጨምሮበት በሙቀት ይጠነክራል። ጎማውም ፓራፊኑም ሃይድሮካርቦን ስለሆኑ ይዋደዳሉ፣ ዘይቱ ላዩ ላይ አይቀርም ወደ ውስጥ ይገባል። ድኙ ጎማውን እርስ በርስ አያይዞታል ስለዚ አይሟሟም፣ ግን ያብጣል፣ ይላላል፣ በትንሹ ስትስቢው ይቀደዳል። በነገራችን ላይ የላቴክስ ኮንዶምም እንደዚሁ ነው፣ የህፃናት ቅባትም ቫዝሊንም ከዚሁ ከፓራፊን ዘር ናቸው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጥንካሬውን ይጥሉታል፣ ውሃ ወይ ሲሊኮን መሰረት ያለው ማለስለሻ ነው የሚሆነው።

አሁን ቀለበቷን አውጪና ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጫት። ጠርዟ ከተወላገደ፣ ቦታዋ ላይ ስትመልሻት ሰፍታ የምትዞር ከሆነ፣ ወይ ስታሻት ጣትሽ ላይ ጥቁር የሚያጣብቅ ነገር ከተወች አልቆላታል። በጨርቅ ብትጠርጊያት የላዩን ነው የምታነሺው የገባው አይወጣም፣ በቤንዚን ልጠባት እንዳትይ ደግሞ እሱ ከፓራፊኑ ብሶ ነው የሚያሳብጣት። አዲስ ግዢ፣ ናይትራይል ከሚባለው ሰው ሰራሽ ጎማ የተሰራ ካገኘሽ ዘይት ይችላል። አዲሷን ከማስገባትሽ በፊት የምትነካውን መዘውር (መኪናው ጎን ላይ የሚሽከረከረውን ክብ ነገር) በአልኮል በነከርሽው ጨርቅ በደንብ ጥረጊው፣ እዛ ላይ የቀረ ዘይት ካለ አዲሷንም ያንሸራትታታል። ጓንቱንም እንደዛው ወደ ናይትራይል ቀይሪው።

ከዛ በኋላ ስትቀቢ ማፍሰስ የለም፣ ብረት ከብረት የሚፋተግበት ቦታ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ብቻ፣ ክር ሳታስገቢ ትንሽ አዙሪው፣ የተረፈውን ጥረጊና ብጣሽ ጨርቅ ላይ ሞክሪው። ቀበቶው ጋ ግን ምንም አታስጠጊ።

ቀለበቷ ተቀይራም ከተንሸራተተች መዘውሩን በደንብ አልነካችውም ማለት ነው፣ ቦቢን የምታጠነጥኚበትን ክፍል የያዘውን ብሎን ትንሽ አላልተሽ ወደ መዘውሩ አስጠጊውና መልሰሽ አጥብቂው፣ በጣም ከጫንሽው ግን ጎማዋን ቶሎ ይበላታል።