ማብሪያ ማጥፊያውን በዲመር ስለመቀየር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የመብራቱን ድምቀት ከፍና ዝቅ ስለሚያደርገው ዲመር ከሰሜን ሸዋ የጠየቃችሁኝን በየተራ ልመልስ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ሳሎን ዲመር አስገብቼ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ዲመሩ ተበላሽቶ ነው?

ዲመሩን ገና አትጣለው፣ መጀመሪያ የአምፖሉን ካርቶን እይ። ዲመር የሚሠራው መብራቱን በሰከንድ 100 ጊዜ እያቋረጠና እየለቀቀ ነው። ኤልኢዲ አምፖል ውስጥ ያለው ሰርኪት ለዚህ ካልተሠራ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ቶሎም ይቃጠላል። ካርቶኑ ላይ በዲመር እንደሚሠራ ካልተጻፈ፣ አይሠራም ብለህ ቁጠረው።

ሌላው ዋቱ ነው። ለድሮው ባለ ክር አምፖል የተሠሩ ዲመሮች ብዙ ጊዜ ቢያንስ 40 ወይም 60 ዋት ይፈልጋሉ። አንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ብቻ ከሰቀልክ ዲመሩ በደንብ አይሠራም። ስለዚህ አምፖሉን አስቀድም፣ ለኤልኢዲ የሚሆን ዲመር ከዚያ ግዛ። ሱቁ ውስጥ አገናኝተው እንዲያሳዩህ ጠይቅ፣ መብትህ ነው።

ከደብረ ሲና፦ መብራት ሲጠፋ ጠብቄ ራሴ ብቀይረውስ?

ወንድሜ፣ ይሄን በፍጹም አታድርግ! የጠፋ መብራት ካቻቢቴው እጅህ ላይ እያለ ሊመጣ ይችላል። 220 ቮልት ሰው ይገድላል። መብራት ባለበት ሰዓት ብሬከሩን አጥፋ፣ ማንም እንዳያበራው ለቤተሰቡ ንገር። ከዚያ መልቲሜትሩን (ገመድ ላይ መብራት መኖሩን የሚለካውን መሣሪያ) መጀመሪያ መብራት እንዳለው በምታውቀው መስመር ላይ ሞክር፣ ቀጥሎ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ፣ በመጨረሻም እዚያው የመጀመሪያው መስመር ላይ። መሣሪያው ራሱ እንደሚሠራ የምታረጋግጠው እንዲህ ነው።

በገመድ ቀለም አትመን። አሮጌ ቤቶች ውስጥ የተገኘው ገመድ ሁሉ ገብቷል። ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ብዙ ጊዜ የምታገኘው ሁለት ገመድ ነው፤ አንዱ ከብሬከር የመጣ ፌዝ (መብራቱን ይዞ የሚመጣው ገመድ)፣ ሌላው ወደ አምፖሉ የሚሄድ። ዲመሩ ላይ የትኛው የት እንደሚገባ ተጽፏል። ብሎኑን አጥብቅ፣ የላላ ገመድ ይግላል፣ እሳትም ያስነሳል። ከሁለት በላይ ገመድ ካየህ፣ ወይም ማብሪያ ማጥፊያው የሚያቋርጠው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን (የመመለሻውን ገመድ) ከሆነ፣ እዚያው አቁመህ ባለሙያ ጥራ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ሙቀቱን ታውቀዋለህ። የጣሪያውን ቬንትሌተር በዚሁ ዲመር ብቀንሰውስ?

አይሆንም። የመብራት ዲመር ለሞተር አልተሠራም፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል። ቬንትሌተር የራሱ ፍጥነት መቆጣጠሪያ አለው።

ከመሐል ሜዳ፦ ለረጅሙ ፍሎረሰንትስ?

ለተለመደው ፍሎረሰንት አይሆንም።

ከደብረ ብርሃን፦ ዲመሩን ስነካው ይሞቃል። ልፍራ?

እህቴ፣ ለብ ማለቱ ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ብሬከሩን አጥፊና አስፈትሺው። የአምፖሎቹን ዋት ደምሪው፣ ዲመሩ ላይ ለኤልኢዲ ብሎ ከተጻፈው ጣሪያ በደንብ ዝቅ ይበል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ቢበርድም አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። እኔ እስከ ጫፍ አልጭነውም።

ከአንኮበር፦ የደረጃው መብራት ከታችም ከላይም ይበራል። ሁለቱንም ዲመር ላድርጋቸው?

አንዱን ብቻ። እሱም ከሁለት ቦታ ለሚበራ መብራት የተሠራ ዲመር መሆን አለበት። ሌላኛው እንዳለ ይቆይ።