ሠራተኛ ላይ ከመጮኽ እንዴት ተላቀቅኩ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቡድን መሪ ከሆንሽ አምስት ወርሽ ነው። ድሮ ቁጡ አልነበርሽም፤ አሁን ግን ሥራ ሲበላሽ ሰው ፊት ትጮኺያለሽ፣ ማታ ደግሞ ጸጸቱ እንቅልፍ ይነሳሻል። «ስለ አእምሮ የሚባለውና ማይንድፉልነስ የሚሉት፣ ትንፋሽን እየተከታተሉ ልብ የማለት ልምምድ በእርግጥ ይሠራል? ይቅርታ ብጠይቅስ አይንቁኝም?» ብለሻል። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

የጋራዥ ኃላፊ ነኝ። 14 መካኒኮች አሉኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ ዘይት ቀይሮ፣ የመውረጃውን ቡሎን ሳያጠብቅ መኪናው ሊወጣ ሲል ደረስኩ። ደሜ ፈላ። ደንበኛው፣ ጓደኞቹ፣ ሻይ ያመጣችው ልጅ ሳይቀሩ እየሰሙ አወረድኩበት። ልጁ ምንም አልመለሰም። በእጁ የያዘውን ጨርቅ አጣጠፈው፣ ዘረጋው፣ እንደገና አጣጠፈው። ያ ጨርቅ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

የባሰው በኋላ መጣ። የፍሬን ዘይት የሚያፈስ መኪና ከእኛ ዘንድ ወጥቶ ተመለሰ። አንዱ መካኒክ ማፍሰሱን ቀድሞ አይቶ ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ ፈርቼ ነው» አለኝ። ያን ቀን እግሬ ተንቀጠቀጠ። ቁጣዬ ያስተማራቸው ጥፋት መደበቅን ነው። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ የተደበቀ ጥፋት ሰው ይገድላል።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። አእምሯችን ውስጥ በግራና በቀኝ አሚግዳላ የሚባሉ፣ ቅርፃቸው አልሞንድ የሚመስል ሁለት ትናንሽ ክፍሎች አሉ። አደጋ የመሰለ ነገር ሲያዩ ፈጥነው ደወል ይደውላሉ። አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። «ቆይ እስቲ» ብሎ የሚያመዛዝነው ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ነው፤ ውጥረት ሲበዛ ግን ሥራው ይዳከማል። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ደግሞ ጫፍ የሚደርሰው ነገሩ ከተጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ «አሁንማ በርዶልኛል» ብለሽ በአምስተኛው ደቂቃ የምትጽፊውን ቴሌግራም አትመኚው። እኔ እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ከሥራ አግጄ በማግስቱ መልሻለሁ።

ሰውነትሽ ከአንቺ ቀድሞ ይቆጣል። መጀመሪያ የት እንደሚነሳብሽ እወቂ። የእኔ ጆሮዬ ላይ ነው፣ ይግላል። ጆሮዬ ሲግል «እጄን ታጥቤ መጣሁ» እላለሁ። ግሪስ በሳሙና ቶሎ አይለቅም፣ ጊዜ ይሰጠኛል። እየታጠብኩ ትንፋሼን ቀስ ብዬ፣ ረዘም አድርጌ አወጣለሁ። ወደ ውስጥ ስንስብ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይቀዘቅዛል፤ ይህ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው የቬገስ ነርቭ ሥራ ነው። ከዚያ ስሜቱን በስሙ እጠራዋለሁ። «ተናድጃለሁ» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ግን ልብ ብዬ ሳየው «ፈርቻለሁ» ነው፤ ደንበኛውን፣ የጋራዡን ባለቤት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት አይተው ስሜቱን በቃል ሲሰይሙ የአሚግዳላቸው እንቅስቃሴ ቀንሶ ታይቷል።

ማይንድፉልነስን እኔ «ልብ ማለት» እለዋለሁ። ጠዋት ጋራዡ ሳይከፈት 10 ደቂቃ ወንበር ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን እከታተላለሁ። ሐሳቤ ወደ ደሞዝና ወደ መለዋወጫ ይሄዳል። እመልሰዋለሁ። መመለሱ ነው ልምምዱ። ከሃይማኖቴ ይጋጫል ብለሽ ሰግተሽ ከሆነ፣ ሥሩ ከቡድሂዝም ነው፤ ነገር ግን አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን በ1979 (ይህም በአውሮፓውያኑ ነው) ማሳቹሴትስ ውስጥ ሕመም ለጸናባቸው ታካሚዎች የጀመረው፣ ዛሬ በ8 ሳምንት የሚሰጠው ሥልጠና ሃይማኖታዊ አይደለም። እኔ ጸሎቴን አላስቀረብኝም።

«በ8 ሳምንት የአእምሮሽ ቅርፅ ይለወጣል» የሚሉሽን ግን አትስሚ። በ2022 የወጣ የአሜሪካው ዊስኮንሲን-ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት እንዲህ ያለ የቅርፅ ለውጥ አላገኘም። እኔ ያገኘሁት ጆሮዬ በመጋሉና አፌ በመከፈቱ መካከል ትንሽ ጊዜ ነው። ለእኔ በቂ ሆኗል። አንዳንድ ቀን አሁንም ያመልጠኛል።

ስለ ይቅርታው፣ ጠይቂ እህቴ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ሰው ፊት የተናገርሽውን ጓዳ ውስጥ ለብቻ ብትመልሺው አይሽርም። ስድቡን የሰሙት ባሉበት፣ አጭር አድርገሽ፣ «ግን አንተም» ሳትጨምሪ። እኔ የጠዋት ሥራ ስናከፋፍል ሁሉም ባሉበት ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፋ። የናቀኝ ግን አላየሁም።

ከወራት በኋላ ያው ልጅ ራሱ ቢሮዬ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ሳጠብቅ ቡሎን ሰበርኩ» አለኝ። ጆሮዬ ጋለ። ታጥቤ መጣሁና የተሰበረውን አብረን አወጣነው።