ለቤት የፋይል ማከማቻ ሰርቨር ዕቃ አመራረጥ፦ ጥያቄና መልስ

ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ያላችሁን የፋይል መጠን፣ የተጠቃሚውን ቁጥርና የመደባችሁትን ገንዘብ። ሬይድ (አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሥራው እንዳይቆም ብዙ ዲስኮችን አንድ ላይ ማደራጀት) መጠባበቂያ ቅጂ አለመሆኑንም ከወዲሁ እናገራለሁ፤ እንደምደግመውም አውቃለሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ የሠርግ ቪዲዮ ሥራ አለኝ፤ 9 ቴራባይት ያህል ፋይል ተጠራቅሟል፤ የምንጠቀመው ሁለት ሰዎች ነን። ኢንቴል ኤን100 ይበቃኛል ወይስ ጠንከር ያለ ፕሮሰሰር ልግዛ?

መልስ፦ ይበቃዎታል። አንድ ጊጋቢት የሆነ የኔትወርክ መስመር በተግባር በሴኮንድ ከ110 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም፤ ይህን ደግሞ አንድ ደህና ሃርድ ዲስክ ብቻውን ይሞላዋል። ለፕሮሰሰር ሊጨምሩት ያሰቡትን ገንዘብ ለዲስክና ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ ለሚያቆየው መሣሪያ) ያውሉት። ማዘርቦርዱ ስንት የሳታ ወደብ (የዲስክ መሰኪያ) እንዳለው ግን አስቀድመው ይቁጠሩ።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ምርጡ ሰርቨር የቱ ነው?

መልስ፦ ከላይ የጠየቅኋቸውን ሦስት ነገሮች ጽፈው ይመለሱ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ለዴስክቶፕ የሚሸጠው 8 ቴራባይት ዲስክ ከኤንኤኤስ (በኔትወርክ የሚሠራ ማከማቻ) ዲስክ በዋጋ ይረክሳል። አራት ገዝቼ በሬይድ ባደራጃቸው ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ አንዱ ዲስክ በተበላሸ ዕለት ይታያል። ለዴስክቶፕ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ኤስኤምአር የሚባሉት ናቸው፤ ኤስኤምአር ዲስክ ትራኮቹን (ዳታው የሚጻፍባቸውን መስመሮች) እንደ ጣራ ቆርቆሮ አንዱን በሌላው ጠርዝ ላይ ደርቦ ስለሚጽፍ፣ አንዱን ለማደስ አጎራባቾቹንም እንደገና መጻፍ ግድ ይለዋል። በዕለት ተዕለት አጠቃቀም ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ የተበላሸው ዲስክ ተተክቶ ሬይዱ እንደገና ሲገነባ ግን ሥራው ለቀናት ይጎተታል፣ አንዳንዴም ሲስተሙ መልስ በመጠበቅ ተሰላችቶ ደህናውን ዲስክ እንደ ብልሹ ቆጥሮ ያስወጣዋል። ዌስተርን ዲጂታል ለኤንኤኤስ ብሎ ከሚሸጣቸው ሬድ ዲስኮች መካከል ከ2 እስከ 6 ቴራባይት የሆኑ ሞዴሎች ኤስኤምአር መሆናቸው በ2020 እ.ኤ.አ. ሲታወቅ ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር፤ ኩባንያውም ከዚያ በኋላ ሲኤምአር የሆኑትን (ትራክ ሳይደርቡ የሚጽፉትን) ሬድ ፕላስ ብሎ ለይቷቸዋል። ስለዚህ የማሸጊያውን ጽሑፍ ሳይሆን የሞዴል ቁጥሩን አይታችሁ፣ ሲኤምአር መሆኑን ከአምራቹ ሰነድ አረጋግጣችሁ ግዙ። የሲጌት አይረንዎልፍና የቶሺባ ኤን300 ሲኤምአር ናቸው፤ የሲጌት ባራኩዳ 8 ቴራባይት ኤስኤምአር ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የከተማችን ከፍታ ለሃርድ ዲስክ ችግር አለው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የዲስኩ ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ላይ በመሆኑ፣ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የከፍታውን ወሰን 3,048 ሜትር ያደርጉታል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከወሰኑ አታልፍም፤ ነገር ግን የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ዲስኮቹን አጠጋግታችሁ አትደርድሩ፣ ከፊታቸውም ፋን አድርጉ። ሂሊየም የተሞሉት ትልልቅ ዲስኮች ጥብቅ ሆነው የታሸጉ ስለሆኑ ጭንቅላታቸው በውጭው አየር ላይ አይመካም።

አንድ አባል፦ ያለ ኢሲሲ ራም (ስህተቱን ራሱ የሚያርም ራም) ዜድኤፍኤስ የሚባለውን የፋይል ሲስተም መጠቀም ዳታን ማጥፋት መሆኑን ለሰዎቹ ለምን አይነገራቸውም? ኤን100 ደግሞ መደበኛ ኢሲሲ ራም አይቀበልም።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ይህ የቆየ አሉባልታ ነው። የራም ስህተት የትኛውንም የፋይል ሲስተም ይጎዳል፤ ዜድኤፍኤስ የተለየ አይደለም። ይልቅ ሰዎቹን ዜድኤፍኤስን በሚጠቀመው የሰርቨር ሶፍትዌር በትሩናስ ከማስጨነቅ አንሬይድ የሚባለውን ሌላ ሶፍትዌር ማስጫን ይሻላል።

የመጀመሪያው አባል፦ አንሬይድ ለፈቃዱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ትሩናስ ግን በነፃ ይገኛል።

መልስ፦ ስለ ሶፍትዌር ሌላ ቀን ተከራከሩ። ኢሲሲ ማግኘት ከተቻለ ጥሩ ነው፤ ካልተቻለም ሰርቨሩ አይቀርም። ገንዘቡ ለኢሲሲ ወይም ለዩፒኤስ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ዩፒኤሱን ግዙ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ዩፒኤስ የግድ ነው? ስታቢላይዘር አለኝ።

መልስ፦ የግድ ነው። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን አያቆይም። ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለውን (ቮልቴጁንም ራሱ የሚያስተካክለውን) ዓይነት፣ የዩኤስቢ መገናኛ ያለውን ግዙ፤ በኬብሉ አማካይነት ሰርቨሩ በባትሪ ላይ መሆኑን ዐውቆ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። ሰርቨሩ መብራት እንደመጣ ወዲያው እንዲነሣ አታድርጉት፤ መብራቱ ሄድ መጣ ሲል ባትሪው ሳይሞላ ሁለተኛው መጥፋት ይደርስበታል። ሃርድ ዲስክ ሲነሣ ከ12 ቮልቱ መስመር 2 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ ስድስት ዲስክ በአንድ ጊዜ ሲነሣ 150 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ፓወር ሰፕላዩንና ዩፒኤሱን ስትመርጡ ይህን አስቡ። ጄኔሬተር ያላችሁ ሰዎች ደግሞ፣ ፍሪኩዌንሲው ከ50 ኸርዝ ከራቀ ዩፒኤሱ መስመሩን አልቀበልም ብሎ በባትሪ ሊቀጥል እንደሚችል እወቁ። የሊድ አሲድ ባትሪ ደጋግሞ ተሟጥጦ ሲያልቅ ዕድሜው ያጥራል፤ መለወጫውን ከአሁኑ በወጪያችሁ ውስጥ አስገቡ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ ለወንድሜ አዲስ አበባ የምልክለት ነው። እዚህ በቅናሽ ከሚሸጡ የዩኤስቢ ዲስኮች ውስጡን አውጥቼ ብልክለት ይሠራል?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ ዋስትናው ግን ሊያከራክር ይችላል። በአንዳንዶቹ በሳታ ፓወር ሦስተኛው ፒን ላይ 3.3 ቮልት ሲመጣ ዲስኩ አይነሣም። መፍትሔው ፒኑን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ፣ ሙቀት በሚችል ቴፕ መሸፈን ነው። ከሞሌክስ (ከቆየው የፓወር መሰኪያ) ወደ ሳታ የሚቀይረውን ርካሽ፣ ፕላስቲኩ በላዩ የፈሰሰበትን ኬብል ግን አትጠቀሙ፤ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ከዚያ የሚገዛው ዩፒኤስ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ አይላኩት።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ሁለት ዲስክ በሬይድ ካደረግሁ ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አያስፈልገኝም አይደል?

መልስ፦ መግቢያውን ያንብቡ። በስህተት ያጠፉት ፋይል ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል፤ ሌባ ሰርቨሩን ሲወስድም ሁለቱንም ዲስክ ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛ ዲስክ ይግዙ፣ ቅጂውን ሌላ ቤት ያስቀምጡ።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ለዚህ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ የአምራቹ ብቻ የሆነ ልዩ ዓይነት አለመሆኑንና ሣጥኑ ስንት ዲስክ እንደሚይዝ ከፍተው ሳያዩ አይክፈሉ።