የትኛው «እኛ»?

ልጆቼ፣ የድሬዳዋ ችሎት የሚሠራው በአማርኛ ነው። እኔ ደግሞ ሶማልኛ ተናጋሪው የሚለውን ወደ አማርኛ፣ ዳኛው የሚሉትን ወደ ሶማልኛ ስመልስ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። እንጀራዬ የሌላውን ሰው ቃል በእኔ አፍ መናገር ነበር። ስለዚህ አንዱ ተንታኝ ቴሌቪዥን ላይ ቁጭ ብሎ «የድሬ ሶማሌ የሚፈልገው ይህንን ነው» ሲል ሰምቼ ማለፍ ያቅተኛል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ቀፊራ ገበያ የሚነግዱ አንዲት እናት በብድር ተከሰው ቀረቡ። ወደ ከሳሹ ዞር ብለው በሶማልኛ «በሁለት ጊዜ እንዲከፈል ተስማምተን ነበር» አሉ። እኔም እንደዚያው መለስኩት። ዳኛው፣ ሴትየዋ ከከሳሹ ጋር የተስማሙ መስሏቸው መጻፍ ጀመሩ። ሴትየዋ አማርኛ ትንሽ ይሰሙ ነበርና እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ እኔ አናጋ ነው ያልኩት። እኔና እህቴ። እሱ የት ነበረ?»

ሶማልኛ ሁለት «እኛ» አለው። «ኢናጋ» ካልክ የምታነጋግረውም ሰው አለበት። «አናጋ» ካልክ የለበትም። አማርኛ ያለው አንድ «እኛ» ነው፤ እኔ ደግሞ ቸኩዬ ልዩነቱን ዋጥኩት። መዝገቡ እዚያው ተስተካከለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «እኛ» የሚል ቃል ሲመጣ ዳኛውን አስፈቅጄ «ማንና ማን?» ሳልል አላለፍኩም።

እኚያ እናት አጠገቤ ነበሩ። ስሳሳት እጃቸውን አነሱ። ቴሌቪዥን ላይ በስማችን ሲወራ እጅ የምናነሳው የት ነው?

የእኔን ቤተሰብ ብቻ እዩት። ወንድሜ የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ስለ ምንም ብታወሩት ዞሮ ዞሮ ባቡሩ ላይ ይመጣል። የእህቴ ልጅ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ትነግዳለች፤ ጭንቀቷ የሱቅ ኪራይ ነው። የጉርጉራ ጎሳ ዘመዶቼ በሶማልኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ። በርጫ ላይ ተሰብስበን በአንድ ሐሳብ የተነሳንበትን ቀን አላስታውስም። ታዲያ ተንታኙ ማንን ጠይቆ ነው?

ተንታኙ ሲያሞግሰንም ያናድደኛል። ዳፋው ለእኛ ነው የሚተርፈው። ስንት ዓመት ቡና አብረን የጠጣን ጎረቤቴ አንድ ጠዋት በር ላይ አግኝቶኝ «ለካ እናንተ እንደዚህ ነው የምታስቡት?» አለኝ። ማታ ያየው ፕሮግራም ነው። ስኒያችን ሳይቀዘቅዝ «እናንተ» ሆንኩ። አቦ፣ ያማል።

በሕዝብ ስም መናገር የሚቻልበት መንገድ አለ። የኢሳ ሶማሌ ባህላዊ ሕግ የሆነው ሄር ኢሴ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እዚያ 44 ሰዎች ያሉበት ሸንጎ ይቀመጣል፣ ነገሩን ያገላብጣል፤ ፍርዱ ያልተዋጠለት ይግባኝ ማለት ይችላል። «የኢሳ ቃል ይህ ነው» የሚባለው ይህን ሁሉ አልፎ ነው።

እናንተም ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብታችሁ «የድሬ ልጆች አቋም» ስትሉ እሰማለሁ። ከገንደ ቆሬ ማንን አናገራችሁ? ከሳቢያንስ? ያልጠየቃችሁትን ሰፈር ከአፋችሁ አውጡት። «እኔ» በሉ፣ አያሳፍርም።

በቅርቡ አንድ አዘጋጅ ደውሎ «የማኅበረሰቡን ስሜት ይንገሩን» አለኝ። «የራሴን እነግርሃለሁ። የሌላውን ከፈለግክ ሁለት ሳምንት ስጠኝ፣ ጠይቄ ልምጣ» አልኩት።

«ፕሮግራሙ እኮ ነገ ማታ ነው» አለኝ።

አልሄድኩም።