«የአኻያ ዘማሪ» ወይስ «ቅጠል ቃኝ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባሕር ዳር በአስጎብኚነት እሠራለሁ። ጣና ዳር ዛፎች ላይ መንታ የሚመስሉ ሁለት ትናንሽ ወፎች ይታያሉ። ፈረንጆቹ አንዷን «ዊሎው ዋርብለር»፣ ሌላዋን «ቺፍቻፍ» ይሏቸዋል። ለአገሬ ሰው «የአኻያ ዘማሪ» እና «ቺፍቻፍ» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ «የአኻያ ዘማሪ» ቃል በቃል ልክ ነው፤ ግን ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ። አኻያን የወንዝ ዳር ሰው ያውቀዋል፤ ስሙን የሰማ እንግዳ ወፏን አኻያ ላይ ብቻ ሲፈልጋት ይውላል። እሷ ግን ዋንዛም ሾላም አትንቅም። «ዘማሪ» ሲባልም ዛሬ ቀድሞ የሚታሰበን የመዝሙር ሰው ነው።

የሁለቱ የወል ሳይንሳዊ ስም «ፊሎስኮፐስ» በግሪክኛ «ቅጠል መርማሪ» እንደማለት ነው። ግንደ ቆርቁርን በሥራዋ እንደሰየምናት እነዚህንም «ቅጠል ቃኝ» እንበላቸው። ከቅጠል ቅጠል እየዘለሉ ትንኝ ሲለቅሙ ያየ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅዎትም።

«ቺፍቻፍ» ከድምፅ የተቀዳ ነው፤ ወፉ ሁለት ድምፅ እያፈራረቀ ይደጋግማል። ፈረንሳዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ቪዬዮ እ.ኤ.አ. በ1817 በሳይንሳዊ ስሙ «ኮሊቢታ»፣ ማለትም «ገንዘብ ለዋጭ» ያለው ዜማው ሳንቲም ሲቆጠር የሚሰማውን ስለሚመስል ነው። እንዴት ያለ ጆሮ ነው! ነገር ግን ዋናው ዜማ የሚሰማው በሚፈለፈሉበት በአውሮፓ ነው። እኛ ዘንድ በበጋ እንግዶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው አጭር ፉጨት ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙ እዚህ ከሚታየው ይነሣ። «እጀ ጠባብ»፣ «ልበ ሙሉ» እንደምንል ቺፍቻፍን «እግረ ጥቁር ቅጠል ቃኝ» ይበሏት። ጭራዋን ደጋግማ ወደ ታች መነቅነቋም ይለያታል።

ሌላዋ እግሯ ፈካ ያለ ነው፤ ሆኖም ጠቆር የሚልበት ጊዜ ስላለ በእግር አልሰይማትም። እስከ ደቡብ አፍሪካ የምትበር ናትና ክንፏ ረዥም ነው፤ ሲታጠፍ ጫፉ ከእህቷ ይልቅ ወደ ጭራዋ ዘለቅ ይላል። «ክንፈ ረዥም ቅጠል ቃኝ» ይስማማታል።

«ወፏ» ማለትዎንም አይተዉ። የሚያዜመው ወንዱ ቢሆንም አማርኛ ትንሽና የተወደደን ነገር በሴት አንቀጽ ይጠራል፤ 10 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ ደግሞ ይህ ይገባታል።