የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች ካምፕ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የነርሲንግ ተማሪ ነሽ፤ ቅዳሜና እሁድ ነርሲንግ ሆም ትሠሪያለሽ። ዘንድሮ ደግሞ ዓይነት 1 ስኳር ያለባቸው ልጆች የሚሰበሰቡበት አንድ የሰመር ካምፕ "ካውንስለር ሆነሽ፣ ልጆቹን እየጠበቅሽ ሥሪ" ብሎሻል። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ቦታው ጫካ ውስጥ ነው፣ እናትሽም "አሜሪካ ያመጣሁሽ ጫካ ልትገቢ ነው ወይ?" እያሉ ነው። ልሂድ ወይስ እዚሁ ኦቨርታይሜን ልሥራ ነው ያልሽው።

እኔ ሁለት ሰመር ሠርቻለሁ። አንዱን እንዳንቺ ተማሪ ሆኜ በካውንስለርነት፣ ሌላውን ነርስ ከሆንኩ በኋላ። የማወራሽ ስለ መጀመሪያው ነው። ብዙ የተሳሳትኩት ያኔ ነው።

ገንዘቡን እናስቀድም፤ እኛ ስለ ገንዘብ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንወዳለን። የሚከፈልሽ በሰዓት ሳይሆን ለሳምንቱ ወይም ለሰመሩ ተቆርጦ ነው። ለሠራሽበት ሰዓት ካካፈልሽው ታለቅሻለሽ። ሕገወጥ ነው እንዳትይ፤ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚከፈቱ ካምፖች ከፌዴራሉ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ነፃ ሊሆኑ ይችላሉ። ምግብና መኝታ በነሱ ነው፣ ብር የምታጠፊበት ሱቅም የለም። ቢሆንም የሚቀጥለውን ሴሚስተር ክፍያ ከዚህ አወጣለሁ ብለሽ ከሆነ ተይው። አገር ቤት በየወሩ የምትልኪው ሰው ካለም ከወዲሁ አስቢበት። እኔ ለአያቴ የሁለት ወሩን አስቀድሜ ልኬ ነው የገባሁት።

ስለ ወረቀት ሁለት ነገር። በተማሪ ቪዛ ከሆንሽ ምንም ሳትፈርሚ ኮሌጅሽ ያለውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቂ። ሁለተኛው የጤና ምርመራው ነው። አገር ቤት የተወለድን ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን የቲቢ ክትባቱን፣ ቢሲጂን፣ ተከትበናል፤ ክንዳችን ላይ ያለችው ጠባሳ ምስክር ናት። በዚህ የተነሳ የቲቢው የቆዳ ምርመራ አንዳንዴ ያብጥና "ፖዘቲቭ" ይባላል። ከዚያ ኤክስሬይ፣ ቀጠሮ፣ ሌላ ወረቀት። እኔ ሥልጠናው ሊያመልጠኝ ሁለት ቀን ነበር የቀረኝ። የደሙን ምርመራ ጠይቂ፣ እሱን ቢሲጂ አያሳስተውም።

አሁን ወደ ዋናው። ሰዉ ካምፕ ሲባል ዋናና የእሳት ዳር ዘፈን ነው የሚታየው። አለ፣ ደስም ይላል። ሥራው ግን ሌሊት ነው። ልትወስኚ ስትቀመጪ ራስሽን ጠይቂ፤ እንቅልፍ አጥቼ በማግስቱ ልጅ ላይ ሳልጮህ መዋል እችላለሁ ወይ?

ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፣ ግን መጽሐፍ ላይ ማንበብና ማየት ይለያያል። ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚውል ልጅ ካምፕ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፣ ይዋኛል፣ ዳገት ይወጣል። የሮጠበት ጡንቻ ከሰዓታት በኋላም ከደሙ ስኳር መሳቡን አያቆምም። ስለዚህ ስኳሩ የሚወርደው ተኝቶ እያለ ሊሆን ይችላል። የሕክምና ቡድኑ ገና ልጆቹ ሲገቡ የብዙዎቹን ኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳሩን የሚያወርደውን መድኃኒት፣ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ቀንሶም አያምንም። እኛ ጋ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ስኳራቸውን የምንለካበት አንድ ዙር፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ዙር ነበር። በኛ አቆጣጠር ነው የምልሽ።

የመጀመሪያዋን ሌሊት አልረሳትም። ከነርሷ ጋር ካቢኑ ውስጥ ገባን። አሥር ልጆች፣ እግርና ላብ የሚሸት አየር፣ ውጭ የእንቁራሪት ጩኸት። ልጁን እንዴት ሳላስደነግጥ እቀሰቅሰዋለሁ ብዬ ስጨነቅ፣ ነርሷ የመጀመሪያውን ልጅ ትከሻ በቀስታ ነካችው። ዓይኑን አልገለጠም። ከብርድ ልብሱ ሥር እጁ ወጣችና አንድ ጣት ቀጥ ብላ ቆመች። ተወጋ፣ ተለካ፣ ጣቷ ተመልሳ ገባች። ቀጣዩም እንደዚያው። ከአሥሩ ሰባቱ እንቅልፋቸውን ሳያቋርጡ ጣታቸውን ሰጡን። እናቶቻቸው ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ሲነሱ የለመዱት ነው። እዚያ በር ላይ ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ። ጨለማ ስለነበር ማንም አላየኝም።

አሁን ብዙዎቹ ክንዳቸው ላይ ሴንሰር አላቸው፤ ስልክ ላይ ቁጥሩን ያሳያል። ሥራ ይቀንሳል ብለሽ ግን ብዙ እንዳትጓጊ። ልጁ በክንዱ ላይ ከተኛ ሴንሰሩ ስለሚጫን ያልወረደውን "ወርዷል" ይልና ይጮኻል። ሮጠሽ ሄደሽ ጣቱን ትለኪያለሽ፣ ደህና ነው። አገላብጠሽ ታስተኚዋለሽ። አልጋሽ ላይ ጋደም ስትዪ ደግሞ የሌላው ይጮኻል።

የካውንስለር ድንበር የት እንደሆነ ግልጽ ይሁንልሽ። ኢንሱሊን ስንት ይወጋ የሚለውን የሚወስኑት ሐኪሞቹና ነርሶቹ ናቸው። አንቺ የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንሽ እጅሽ ይበላሻል፤ እንዳትሞክሪው። ያንቺ ሥራ ዓይን ነው። ማን ሳህኑን ሳይጨርስ ተነሳ፣ የማን ኢንሱሊን የሚሰጥ ፓምፕ ከዋና በኋላ ሳይገጠም ቀረ፣ ማን ዝም አለ።

ይሄን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ከዋና መልስ፣ ከእራት በፊት ካርታ እየተጫወቱ። በድንገት ካርታውን ጓደኛው ፊት ላይ በተነና ተሳደበ። እኔ "ልጅ ካልተቆጡት ይበላሻል" በሚባልበት ቤት ያደግኩ ነኝ። ደረጃው ላይ አስቀመጥኩትና "ይቅርታ እስክትጠይቅ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል" አልኩት። ሦስት ደቂቃ ያህል እንደተቀመጠ አንዷ ነርስ በዚያ ስታልፍ ፊቱን አየችው። ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ላብ ነበር። "ተለክቷል?" አለችኝ። አልተለካም። 48።

ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው። የስኳር ጽላቶቹ እያንዳንዳቸው 4 ግራም ናቸው፤ አራቱን ሰጠችው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ሲለካ 82 ሆነ። ከንፈሩ ቀለም ሲመለስለት ወለሉ ላይ የተበተነውን ካርታ አየና "ማነው የበተነው?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሕጌ አንድ ሆነ። ልጅ ሲያጠፋ መጀመሪያ ይለካል፣ ቁጣው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ዕድሜዋ የገፋ አንዲት ነርስ የበሽታውንና የካምፖቹን ታሪክ ስትነግረን ቀልቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ወረቀቴን እየሞላሁ ነበር። ኋላ ላይ ነው ትርጉሙ የገባኝ። ኢንሱሊን ሳይገኝ በፊት ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ዕድሜው እንዲረዝምለት ተብሎ ምግብ ይከለከል ነበር። በርሃብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ተመራማሪዎቹ ባንቲንግና ቤስት ካናዳ፣ ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊንን አገኙ፤ በጥር 1922 የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። በሦስት ዓመቱ፣ በ1925፣ ሚሺጋን ውስጥ ለነዚህ ልጆች ካምፕ ተከፈተ። በ1932 ደግሞ የአሜሪካ ቀይ መስቀል መሥራች ክላራ ባርተን በተወለደችበት ማሳቹሴትስ ለልጃገረዶች የሚሆን ተከተለ። አስቢው፤ ትናንት ይሞታል ተብሎ የተተወውን ልጅ ነው ሂድና ዋኝ ያሉት።

አንድ አበሻ ልጅም ገጥማኛለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ደረቴ ላይ ያለውን ስም አንብባ በእንግሊዝኛ "አበሻ ነሽ?" አለችኝና ፊቷ ጭፍግግ አለ። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ለካ ፈርታኝ ነው። ቤት ውስጥ "ለማንም አበሻ እንዳትናገሪ" ተብላለች። የአጎቷ ልጆች እንኳ አያውቁም። በዓል ሲሆን መታጠቢያ ቤት ገብታ ነው የምትወጋው።

እሁድ ስትመጣ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ሹራብ ለብሳ ነበር፤ ክንዷ ላይ ያለው ሴንሰር እንዳይታይ። ማንም ምንም አላላትም። ግን መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ዙሪያዋን ስታይ ሁሉም ከመብላቱ በፊት ጣቱን ይወጋል። ፓምፑን ቀበቶው ላይ እንደ ቁልፍ መያዣ ያንጠለጠለ አለ። አንዷ ሴንሰሯ ላይ የዩኒኮርን ስቲከር ለጥፋለች። ማክሰኞ ሹራቡ ወገቧ ላይ ታሰረ። ሐሙስ ዕለት እሷም ስቲከር ለጥፋ መጣች፤ ጀልባ ላይ ማን ፊት እንደሚቀመጥ እየተጨቃጨቀች።

ምግብ ላይ ጠቀምኳት ማለት እችላለሁ። እዚያ ሁሉም ምግብ ካርቦሃይድሬቱ በግራም ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። እሷ ግን ቤቷ ስትመለስ የምትበላው እንጀራ ነው፤ እናቷ ደግሞ "እንጀራ አይጣፍጥም፣ ምን ስኳር አለው" ይላሉ። ይሄ እኮ እኔም ቤት ሲባል የሰማሁት ነው። ጤፍም እህል ነው። የምግብ ባለሙያዋ ጋ ይዣት ሄድኩ። ሴትዮዋ እንጀራ አይታ አታውቅም፤ ግን ብልህ ናት። "የአንዱ ቤት ከሌላው ይለያያል፣ ስለዚህ በእንጀራ ቁጥር አትቁጠሩ" አለች። የወጥ ቤት ሚዛን ይገዛል፣ የሚበላው ቁራሽ ይመዘናል፣ ከምግብ በኋላ ስኳሯ ይታያል፣ ይጻፋል። ከሐኪሟ ጋር ሆነው ከዚያ ይነሳሉ። ልጅቷ ወረቀቱን አጣጥፋ ጫማ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሊወስዷት ሲመጡ እናቷ ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ። በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ ይለቃታል?" አሉኝ። "ጸበል ወስጃታለሁ፤ መርፌውን ግን አላስቋረጥኩም" ብለው ጨመሩ፤ የምቆጣቸው መስሏቸው። ምን ልበላቸው? አሁን ባለው ሕክምና አይለቃትም፣ መርፌውን አለማቋረጥዎ ነው ያቆማት፣ ጸበሉንም ይውሰዷት አልኳቸው። እጄን ይዘው ቆዩ። ይሄን ውይይት ነርሲንግ ሆም ውስጥ አታገኚውም። ለዚህ ብዬ ግን ሂጂ አልልሽም፤ ሁለተኛው ሰመር ላይ አንድም አበሻ አላጋጠመኝም።

"የካንሰር ልጆች ካምፕም አለ፣ የቱ ይሻላል?" ላልሽው እዚያ ሠርቼ አላውቅም። ተዋናዩ ፖል ኒውማን በ1988 ኮነቲከት ውስጥ ከመሠረተው የጀመረ የካምፖች መረብ አለ፤ እዚያ የሠራች ጓደኛዬ ትወደዋለች። ግን ክብደቱ ሌላ ነው። የኔዎቹ ልጆች ቁጥራቸው ከተስተካከለ ከኔ በላይ ይሮጣሉ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ጫካው የሚያስፈራው በጅብ ሳይሆን በመዥገር ነው፤ ማታ ማታ ልብስሽን ፈትሺ። በስልክ ባታገኚኝ እንዳትደነግጪ በያቸው፤ ኔትወርክ የለም። የፍልሰታ ጾም እዚያ ስለሚያገኝሽ ፎርሙ ላይ ምግብ የሚለው ቦታ "ቪጋን" ብለሽ ሙዪ፤ ጾም ማስረዳት ሳምንት ይፈጃል። ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ ያዢ። የካምፕ ባቄላ ያለሱ አይወርድም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ባትሪ ስትገዢ። እኔ ልጆቹን እንዳልረብሽ ብዬ በቀይ ብቻ የሚያበራ የግንባር ባትሪ ገዝቼ ሄድኩ። በቀይ ብርሃን ደም አይታይም። ግማሽ ሌሊት የልጅ ጣት ስጨምቅ ቆይቼ ነው የገባኝ። ደብዛዛ ነጭ ያለውን ግዢ።