ሽልማቱ ሽጉጥ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስለ ቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ የኮበለለ አገልጋይ ማፈላለጊያ አነበብኩ። የኦዝናበርግ ሸሚዝ ለብሷል፣ ለያዘው ሁለት ፒስቶል ይሰጣል ይላል። ሽልማቱ ሽጉጥ ነው? ኦዝናበርግስ ምንድን ነው?
— አንባቢዎ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ልጄ፣ ሽጉጡን እርሳው። ፒስቶል የስፔን የወርቅ ሳንቲም ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ ይገበያዩበት ነበር። ኦዝናበርግ ደግሞ በጀርመኗ ኦስናብሩክ ከተማ ስም የተጠራ ሻካራ የተልባ እግር ጨርቅ ነው፤ የባሪያና የአገልጋይ ልብስ። ገፋ አድርገህ ብታነብ ሊንሲ ዉልሲ የሚባል ጨርቅ ይገጥምሃል፤ ድሩ የተልባ እግር፣ ማጉ ሱፍ። የመንዝ ባና ለለበሰ ሰው ግማሽ ባና ብለው ይገባዋል።

ጌታው ልብሱን እስከ አዝራሩ የሚዘረዝረው አዝኖ እንዳይመስልህ። ፎቶግራፍ የለም፤ ኮብላዩም ብዙ ጊዜ ቅያሪ የለውም። አንዳንዱ ማስታወቂያ በአንገቱ ላይ ያለውን የብረት ቀለበት ሳይቀር ይጠቅሳል። ማን እንዳጠለቀለት ግን ትንፍሽ አይልም!

ኮብላዩ ሁሉ ባሪያ አልነበረም። ብዙ የአውሮፓ ድሆች የመርከብ ዋጋቸውን ለመክፈል በውል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት፣ ያገለግሉ ነበር። የእጅ ሥራ ተማሪም በውል ይታሰር ነበር። ኋላ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1723 በ17 ዓመቱ ከወንድሙ ማተሚያ ቤት ኮብልሎ ከቦስተን ወጣ። በ1729 የገዛው ፔንስልቬንያ ጋዜት የተባለ ጋዜጣ ታዲያ የኮብላዮችን ማፈላለጊያ እያተመ ገንዘቡን ይቀበል ነበር።